ፐርል ከመንገዱ ማዶ

ዌንደል ሳቦ ጩኸቱን ሲሰማ የቤቱ ጋራዥ ውስጥ ተንበርክኮ ብሎን እያጠበቀ ነበር። ጩኸቱ የመጣው ከመንገዱ ማዶ፣ ከኔልሰን ኪንዮኔስ ግቢ ነው። የሴት ጩኸት ነው። ዝቅ ብሎ ይጀምርና ሽቅብ ይወጣል፤ ጫፍ ላይ ሲደርስ ይሰበርና ሳቅ ይሆናል። ዌንደል መፍቻውን ሲሚንቶው ላይ አስቀመጠ። ይህን ጩኸት ከሺህ ጩኸት መሐል ለይቶ ያውቀዋል። የሚስቱ የዶሪን ጩኸት ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሃሎዊን ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

የቤልፊልድ መንገድ ነዋሪዎች ሃሎዊንን፣ ልጆች አስፈሪ ልብስ ለብሰው በየበሩ ከረሜላ የሚጠይቁበትን ምሽት፣ እንደ ቀልድ አናየውም። ሎሬን ከተማ የብረት ፋብሪካው ከተዳከመ ወዲህ የሚኮራበት ብዙ ነገር የለውም። የእኛ መንገድ ግን ለሃሎዊን ማስፈራሪያ የሚሠራባቸው ግቢዎቹ አሉት። የሌላ ሰፈር ሰዎች ልጆቻቸውን በመኪና ጭነው የሚያመጡት እኛ ጋ ነው፤ ሲያመጧቸውም ከሁሉ አስቀድመው የሚያሳዩዋቸው የዌንደልን ግቢ ነበር።

ዌንደል የትምህርት ቤት አውቶቡሶች በሚጠገኑበት ጋራዥ የፍሬን መካኒክ ነው። ቀኑን ሙሉ ከአየር ጋር ይውላል። የአውቶቡሱ ፍሬን በአየር ይይዛል፣ በሩም በአየር ይከፈታል። ቤቱ ሲገባ በዚያው አየር ሙታን ያስነሳል። ልጆች የሉትም፤ ዓሣ አያጠምድም፤ ኳስ አያይም። ያለው ይህ ነው።

የሠራው ነገር አለቀ ወይም አላለቀም ብላ የምትፈርደው ዶሪን ናት። ወሩን ሙሉ ጋራዡ ውስጥ እግሯን አታስገባም። የልብስ ማጠቢያው እዚያ ስለሆነ ያን ወር ልብስ የሚያጥበው ራሱ ነው። ከሃሎዊን በፊት ባለው ቅዳሜ ኮቷን ትለብስና ከመንገዱ ተነስታ እንደ እንግዳ ወደ በሩ ትሄዳለች። ከጮኸች ሥራው አልቋል። ካልጮኸች ዌንደል ወደ ጋራዡ ይመለሳል። ሌላ ዳኛ ኖሮ አያውቅም። ያ ጩኸት በዓመት አንዴ የሚያገኘው፣ ከማንም ጋር የማይካፈለው የራሱ ነገር ነበር።

አሁን ለሌላ ሰው ግቢ ሰጠችው።

«ጮህሽ» አላት እራት ላይ።

«ጮህኩ።»

«እዚያ ማዶ።»

«አዎ፣ እዚያ ማዶ። የማሪትሳን ሳህን ልመልስ ሄጄ፣ ባሏ ኔልሰን እስቲ በዚህ በኩል እለፊ አለኝ። አለፍኩ። ነፍሴ ልትወጣ ነበር።»

«ምንድን ነው የሠራው?»

«አይነገርም።»

«ዶሪን!»

«ምን ዶሪን ዶሪን ትለኛለህ? የሰው ግቢ ውስጥ ያለ ነገር ከሃሎዊን በፊት አይወራም። ደንቡን ያወጣኸው ራስህ ነህ። ለእናቴ እንኳን እንዳልነግር አፌን ስታስዘጋኝ አልነበር?»

ዌንደል በጎመን የተጠቀለለውን ሥጋ በሹካው ወዲያና ወዲህ ገፋው።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። በአየር ነው የሚሠራው?»

«ጎመንህ ቀዘቀዘ።»

«ይዘላል?»

«አይዘልም።»

«የማይዘል ነገር ነው ያስጮኸሽ?»

ዶሪን ቀና ብላ አየችው። የሆነ ነገር ልትናገር ከንፈሯን ከፈተች፤ ከዚያ ሐሳቧን ለወጠችና ውሃ ጠጣች። «ብላ አንተ ሰውዬ» አለችው። «ያንተ ተራ ሲደርስ እጮህልሃለሁ።»

እጮህልሃለሁ ማለቷ የባሰ አበገነው። ሰው ተለምኖ የሚጮኸው ጩኸት ምን ያደርግለታል?

ለብዙ ዓመታት የዌንደል ግቢ እመቤት ፐርል ነበረች። ፐርል በተወዛዋዥ ወንበር ላይ የተቀመጠች አሮጊት ናት። አጥንቷ የብረት ቧንቧ፣ ፊቷ ላስቲክ ነው፤ የለበሰችው ጥቁር ቀሚስ የሟች የዶሪን አክስት ነበር። ከወንበሩ ሥር ከተጣለ አውቶቡስ በር ላይ የተፈታ የአየር ሲሊንደር ተገጥሞላታል። ሰው ሲጠጋ አየሩ ይገባና ፐርል ቀስ ብላ ከወንበሯ ትነሳለች። መሐል ላይ ስትደርስ ጉልበቱ እንደከዳው ሰው ትቆማለች፤ ጥቂት ትቆይና እንደገና ትነሳለች። ይህ መቆሟ ብልሽት ነው። የሲሊንደሩ ጎሚኒ ስላለቀ አየር ያፈተልካል፤ ግፊቱ እስኪጠራቀም ድረስ ትጠብቃለች። ዌንደል በየዓመቱ እቀይረዋለሁ ይላል። አዲሱ ጎሚኒ መሳቢያ ውስጥ፣ የቡና ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጦ ከርሟል።

ባለፈው ሃሎዊን ከሌላ ሰፈር የመጣ አንድ ጎረምሳ ፐርል ፊት ቆመ፤ ተነስታ እስክትጨርስ ጠበቀና ወደ ጓደኞቹ ዞሮ «አያቴ እንኳን ከዚህች ፈጥና ትነሳለች» አለ። ጓደኞቹ ተንከተከቱ። ዌንደል ከቁጥቋጦው ኋላ ሆኖ ሰማ። ለማንም አልተናገረም፤ ግን ዓመቱን ሙሉ ጆሮው ውስጥ ቀረ።

በበጋው ደግሞ ኔልሰን ከመኪናው ላይ ኮምፕሬሰር ሲያወርድ አየው።

ኔልሰን ኪንዮኔስ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ይሠራል። ከሚስቱ ከማሪትሳ ጋር ወደ መንገዳችን ከመጡ ገና ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። ከዌንደል በዕድሜ ያንሳል፤ ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ሰው ሁሉ ይወደዋል። ይህ ብቻውን ለዌንደል በቂ ጥፋት ነበር። ኮምፕሬሰሩን ባወረደ ማግስት መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

«ዌንደል ወንድሜ፣ አንተ የአየር ሰው ነህ ይሉኛል። ለእንዲህ ዓይነት ነገር ግፊቱን ስንት ላይ ላድርገው?»

«ወረቀት አብሮት አልመጣም?»

«መጥቷል።»

«አንብበዋ።»

ኔልሰን አመስግኖ ተመለሰ። ዌንደል የሰውዬውን ጀርባ እያየ የሆነ ነገር ያሸነፈ መሰለው። ያ ስሜት እራት ድረስ እንኳን አልቆየም።

ሴፕቴምበር ላይ፣ ቆሻሻ በሚነሳበት ቀን ዋዜማ ፐርልን ከነወንበሯ ጎትቶ የመንገዱ ጠርዝ ላይ አወጣት። እኛ ጋ ጠርዝ ላይ የወጣ ነገር ባለቤት የለውም። ያነሳው ይወስደዋል። ማንም አይጠይቅም፣ ማንም አያስመልስም፤ የራሱን ሶፋ ጎረቤቱ ሳሎን ውስጥ ያየ ሰው «ቆንጆ ሶፋ ነው» ብሎ ተቀምጦበት ይወጣል። ጠዋት ዌንደል በመስኮት ሲያይ ፐርል አልነበረችም። ብረት ለቃሚዎቹ ወስደዋት ነው ብሎ ገመተ። ቁርሱን በላ።

ከዚያ ወዲህ የሚሠራው ዘላዩን ነው። ዘላዩ የቆሻሻ በርሜል ውስጥ የተደበቀ፣ ፊቱ የተገሸለጠ ሥጋ ቆራጭ ነው። ሰው ሲጠጋ ክዳኑ ተበርግዶ ከወገቡ በላይ ወደ ሰው ይወረወራል። እንደ ፐርል ቀስ ብሎ መነሳት የለም። ዌንደል ሲሊንደሩን ሰፋ ያለ አደረገለት፤ ቱቦውን አወፈረለት፤ የአየሩን ፍጥነት የምትቀንሰውን ትንሽ ብሎን ፈትቶ ጣላት። የዶሪን ጩኸት ከማዶ ከተሰማበት ቀን ጀምሮ ደግሞ ሌላ ነገር ማሰብ አቆመ። ከሥራ ሲመለስ መኪናውን አቁሞ ከመውረዱ በፊት የኔልሰንን ግቢ ያያል። የሚታየው ነገር ነጭ አንሶላ ብቻ ነው። ኔልሰን ከሆስፒታል የተጣሉ አንሶላዎችን በገመድ ላይ ሰቅሎ ግቢውን ጋርዶታል። ከአንሶላው ኋላ መዶሻ ይሰማል፤ አልፎ አልፎ የሁለት ሰው ሳቅ ይሰማል። ዌንደል ሁለተኛው ሳቅ የማሪትሳ ይሁን የዶሪን ለመለየት መስታወቱን ዝቅ ያደርጋል።

ቅዳሜው ደረሰ። ዶሪን ኮቷን ለበሰች፣ ቦርሳዋን አንጠለጠለች፣ ከመንገዱ ተነስታ መጣች። ዌንደል ከጋራዡ ደጃፍ ሆኖ እጆቹን ጨብጦ ያያል። በርሜሉ አጠገብ ስትደርስ ክዳኑ ጓ! ብሎ ተከፈተ፣ ዘላዩ ወጣ፣ ተመለሰ፣ ክዳኑ ተዘጋ።

ዶሪን ቆመች።

«አለቀ?» አለች።

«ምኑ?»

«እኔ እንጃ። አንድ ነገር ብልጭ ያለ መሰለኝ። ጉንፋን የያዘው ሰው በርሜል ውስጥ ያነጠሰ ነው የሚመስለው።»

«አልጮህሽም።»

«አልጮህኩም።»

«እጮህልሃለሁ ብለሽ ነበር።»

«ዌንዲ፣ ምን ላድርግህ? አፌን ከፍቼ ሳልጨርስ ሰውየው ቤቱ ገባ እኮ!»

ዌንደል ወደ ጋራዡ ተመለሰና ግፊቱን ጨመረ።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ነገሩን ለኦርቪል ፕራት አጫወተው። ኦርቪል የአውቶቡሶቹ ጋራዥ ጎማ ሠራተኛ ነው፤ አብረው ያረጁ ሰዎች ናቸው።

«አሁን ስንት ላይ ነው የምታስኬደው?» አለ ኦርቪል ሳንድዊቹን እየገመጠ።

«መቶ ሃያ።»

«አውቶቡስ ልታቆምበት ነው?»

«ያነሰ አየር አልወድም።»

ይህን ሲል ከልቡ ነው። በፍሬን ሥራ ትልቁ ጠላት የአየር ማነስ ነው። የግፊት መለኪያው ጌጅ ሲወርድ አውቶቡሱ ልጆች እንደጫነ መሐል መንገድ ላይ ይገተራል። ዌንደል ዕድሜውን ሙሉ የወረደ ጌጅ ሲያይ ደረቱ ይጠብባል፤ ከፍ ያለ ጌጅ ሲያይ እንቅልፍ ይወስደዋል። አየር በዛ ተብሎ የተወቀሰ የፍሬን መካኒክ አያውቅም።

«ሰው ለመደንገጥ መጀመሪያ ማየት አለበት፣ ጌታው» አለ ኦርቪል። «ቀነስ አድርገው። አሮጊቷስ የት ሄደች? እሷ ጥሩ ነበረች።»

«ጣልኳት።»

«ጣልካት? ያ ማዶ ያለው ሰውዬ ነው እንዲህ ያሳበደህ። ምቀኝነት ይዞሃል።»

«ቅናት የሚባል ነገር የለብኝም።»

«እኔ ቅናት መቼ አልኩ? ምቀኝነት ነው ያልኩት። ቅናት የሚስት ነው።»

ዌንደል የምሳ ዕቃውን ክዳን ዘጋ። ኦርቪል ማኘኩን አቆመ።

«ኧረ! ሚስትም አለችበት?»

«ሳንድዊችህን ብላ» አለ ዌንደል።

በሎሬን የሃሎዊን ሰዓት በከተማው ነው የሚወሰነው። ምሽት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ የእሳት አደጋ ሳይረን ይጮሃል፤ ልጆቹ ይወጣሉ። ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ ይጮሃል፤ ያልቃል። በረንዳ ላይ ያለ መብራት ሁሉ ይጠፋል። የዓመት ሥራ የሚታየው በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው ሳይረን ሲጮህ ዌንደል ሰው በርሜሉን እንዳይጠጋ የዘረጋውን ገመድ አጥብቆ ቁጥቋጦው ኋላ ገባ። ዶሪን በረንዳው ላይ የከረሜላ ሳህን ታቅፋ ተቀምጣለች። የመጀመሪያዎቹ እንግዶች መጡ፤ ሁለት ጠንቋዮች፣ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ እናቷ የያዘቻት አንዲት ንብ። ዌንደል ጌጁን አየ። መቶ ሃያ። ደረቱ ሰፋ።

የአየሩን ቁልፍ ተጫነ።

ክዳኑ ተበርግዶ ከበርሜሉ ጎን ተገነጠለ። ዘላዩ ወጣ። ሰውነቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ጭንቅላቱ ግን አልቆመም። ከአንገቱ ተነቅሎ በልጆቹ ራስ ላይ በጣም ከፍ ብሎ አለፈ፣ የሜፕሉን ዛፍ ቅርንጫፍ መታ፣ አስፋልቱ ላይ አርፎ ነጠረ፣ ተንከባለለና ኔልሰን ግቢ ገባ።

መጀመሪያ ንቧ ሳቀች። እናቷ ተከተለች። ከዚያ ቤልፊልድ መንገድ በሙሉ ከዳር እስከ ዳር በሳቅ ፈረሰ።

«ድገመው! ድገመው!» አሉ ጠንቋዮቹ።

ከማዶ የማሪትሳ ድምፅ መጣ። «ዌንደል! ጭንቅላትህ እኛ ጋ መጥቷል!»

«ርቦት እንደሆነ አብሉት!» አለ ማዶ ከተሰለፉት አንዱ።

ዌንደል ወደ ዶሪን አየ። አልሳቀችም። የከረሜላውን ሳህን እያየች «ሂድ አምጣው እንግዲህ» አለችው።

መንገዱን ተሻገረ። ኔልሰን በር ላይ የቆመው ሰልፍ ሦስት ቤት አልፎ ሄዷል። ዌንደል ይህን ያህል ሰው በራሱ ግቢ አሰልፎ አያውቅም፤ ወይም በትክክል የሚቆጥርበት ዓይን የዚያን ምሽት አልነበረውም።

«አሳልፉት፣ ጭንቅላቱን ሊወስድ ነው» አለች ማሪትሳ። ሰው እየሳቀ መንገድ ለቀቀለት።

ለመውጣትም ለመግባትም መንገዱ አንድ ነው፤ በአንሶላዎቹ መሐል። አንሶላዎቹ ግራና ቀኝ እንደ ግድግዳ ተሰቅለው ጠባብ መተላለፊያ ሠርተዋል። ነፋሱ ቀስ ብሎ ያንቀሳቅሳቸዋል። የሳሙና ሽታ አላቸው። መጨረሻው ላይ አንዲት ደካማ አምፖል በርታለች፤ ከሥሯ ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። ሽበቷ ብቻ ነው የሚታየው።

ከኋላው የነበረች አንዲት ልጅ የኮቱን ጫፍ ያዘች።

ሲሽሽ የሚል ድምፅ ተሰማ። ዌንደል ያንን ድምፅ አወቀው። ጆሮው አውቆት ሲያበቃ ዓይኑ ገና አልደረሰበትም ነበር። ሴትዮዋ ቀስ ብላ ከወንበሩ ተነሳች። መሐል ላይ ጉልበቷ የከዳት ያህል ቆመች። ልጅቷ ኮቱን ጨመደደችው። ሴትዮዋ እንደገና ተነሳች፣ ጨርሳ ቆመች፣ ጀርባዋን እንደሰጠች። ሁሉም ሰው ፊቷን እስክታዞር ትንፋሹን ዋጠ። አላዞረችም። ዝም ብላ ቆመች፤ ቆመች። አምፖሏ ጠፋች።

ጩኸቱ አንሶላዎቹን አራገባቸው። ልጅቷ ኮቱን ለቃ ሮጠች። ዌንደል ብቻውን ጨለማው ውስጥ ቀረ።

«ፐርል» አለ።

ኔልሰን ያደረገው ወንበሩን ማዞር ብቻ ነበር። ሌላ ምንም የለም። ቀሚሱ ያው ነው፣ ፊቷ ያው ነው፣ ጎሚኒው ያው ያለቀ ጎሚኒ ነው። ዌንደል ያን ሁሉ ዓመት ፊቷን ቀባ፣ ጥርሷን ለወጠ፣ ዓይኗ ውስጥ ቀይ መብራት ከተተ፤ ወንበሩን ማዞር ግን አልታየውም። ጎረቤት ወሰደብኝ ቢል ራሱ ነው የጣላት። በሌላ ሰው ሥራ ቢቀና ሥራው የራሱ ነው። ቅናቱ የሚያርፍበት ቦታ አጣና ተመልሶ ራሱን ነከሰው።

ኔልሰን የዘላዩን ጭንቅላት በሁለት እጁ ይዞ ከአንሶላው ኋላ ወጣ።

«አልተጎዳም» አለ። «አፍንጫው ብቻ ትንሽ ተላጠ።»

«የት አገኘሃት?»

ኔልሰን ወደ ፐርል ዞሮ አየ። «ጠርዝ ላይ።»

ጠርዝ ላይ ከተባለ ወሬው አልቋል። ዌንደል ጭንቅላቱን ተቀበለ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ፈልጌ አፈርኩ» አለ ኔልሰን። «ያ መሐል ላይ የምትቆመው ነገር... ሰውን የሚያስጮኸው እሱ ነው። እንዴት አድርገህ ነው የሠራኸው? ሆን ብለህ ነው አይደል?»

ዌንደል ጎሚኒው አልቆ ነው ሊል ይችል ነበር። ወንበር ማዞሩን ለኔልሰን ሰጥቶ፣ መቆሙን ደግሞ ለብልሽት ሰጥቶ እሱ ምን ይዞ ሊመለስ ነው?

«ሆን ብዬ ነው» አለ። «ታዲያ ምን መሰለህ?»

ጭንቅላቱን በብብቱ ሥር ይዞ መንገዱን ተሻገረና ዶሪን አጠገብ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ወደ እነሱ ግቢ የሚመጣ ልጅ አልነበረም።

«ታውቂ ነበር።»

«ስጮህ አላወቅኳትም» አለች ዶሪን። «ፐርልን ከጀርባዋ መቼ አይቻት አውቃለሁ? መሐል ላይ ስትቆም ነው ያወቅኳት። የሳቅኩትም ያኔ ነው።»

«ልትነግሪኝ ይገባ ነበር።»

«አይነገርማ። ደግሞስ ምን ልበልህ? የጣልካት ቆንጆ ሆናለች ልበልህ?»

ከማዶ ሲሽታው፣ ዝምታው፣ ጩኸቱ ይመጣል። ሲሽታ፣ ዝምታ፣ ጩኸት። እያንዳንዱ ጩኸት ሲመጣ ጭንቅላቱን ጠበቅ አድርጎ ያቅፈዋል።

አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ሲሽታው ተለወጠ። ረዘመ፣ ቀጠነ፣ አልቆመም። ዌንደል ቀና አለ። ጎሚኒው በቃው። ፐርል አሁን መሐል ላይ ትደርስና ወደ ወንበሯ ትመለሳለች፤ ከዚህ በላይ አትነሳም። ከአንሶላዎቹ ውስጥ ጩኸት ሳይሆን ማጉረምረም መጣ። «ምን ሆነች?» አለ አንድ ልጅ። «ደከማት መሰለኝ» አለ ሌላው። ሳቅ ተሰማ። ዌንደል ያንን ሳቅ ያውቀዋል።

ደስ አለው። ተደብቆ ሳይሆን በግልጽ ደስ አለው፤ ዶሪንም ፊቱ ላይ አየችው።

«ታውቃለህ ምን እንደሆነች» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ያለህ ነገር አለ?»

«ቆርቆሮው ውስጥ አለ።»

ዶሪን አንዲት ከረሜላ ልጣ አፏ ውስጥ ከተተች።

በዚህ መሐል የኔልሰን ኮምፕሬሰር ድምፁን ከፍ አድርጎ ማጓራት ጀመረ። ዌንደል ጆሮውን አቆመ። ማጓራቱ አላቆመም። ሰውየው ግፊት እየጨመረ ነው። አሮጊቷ አልነሳ ስላለችው ብዙ አየር ሊያበላት ነው። ያ የተበላ ጎሚኒ አየሩን ጥቂት ይይዝና በድንገት ይለቀዋል፤ ፐርልም እንደ ዘላዩ ትወነጨፋለች። የአጥንቷ ቧንቧ አይችለውም። ጭንቅላቷ በአንሶላው በኩል ወጥቶ አስፋልቱ ላይ ይነጥራል፤ መንገዱ በሙሉ ይስቃል።

ይህ እንዲሆን ቁጭ ብሎ መጠበቅ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

«የእኔን ፐርል?» አለ ዌንደል። ጭንቅላቱን ዶሪን ጭን ላይ ጥሎ ተነሳ። ጋራዡ ገባ፣ ቆርቆሮውን ገለበጠ፣ ጎሚኒውንና ሁለት መፍቻ ይዞ ሮጦ ተሻገረ። ሰልፉን በክርኑ ጣሰ።

«አትጨምር! እጅህን አንሳ!»

ኔልሰን እጁ ኮምፕሬሰሩ ላይ ነበር። ደንግጦ አነሳ። «አየሩ ያነሰ መስሎኝ...»

«አየሩ በዝቷል። ግማሹን ቀንስ። አብራልኝ።»

ኔልሰን ባትሪውን አበራለት። ማሪትሳ ሰልፉን «አሮጊቷ መድኃኒት እየወሰደች ነው፣ ታገሱ» እያለች ታባብላለች። ዌንደል ከወንበሩ ሥር ተኝቶ ሲሊንደሩን ፈታ። አሮጌው ጎሚኒ ጣቱ ላይ እንደ ሻገተ ዳቦ ተፈረፈረ። አዲሱን በቅባት አሽቶ አስገባ፣ ዘጋ፣ አጠበቀ።

«ሞክራት።»

አየሩ ገባ። ፐርል ተነሳች። ያለ ምንም መቆም፣ በአንድ ትንፋሽ፣ እንደ ወጣት ልጅ ቀጥ ብላ ቆመች።

ኔልሰን አየ። ዌንደልም አየ።

«መቆሟስ?» አለ ኔልሰን።

ዌንደል እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ሆን ብዬ ነው ያደረግኩት ብለኸኝ ነበር» አለ ኔልሰን። ድምፁ ውስጥ ተንኮል አልነበረም፤ ለዌንደል ያ ነው የከበደው።

«ነው።»

«ታዲያ የት ሄደ?»

«በእጅ ነው የሚሠራው» አለ ዌንደል። «ትክክለኛው አሠራሩ በእጅ ነው።»

ከመተላለፊያው ምንጣፍ ሥር የተቀበረውን፣ ሰው ሲረግጠው አየር የሚለቀውን ቁልፍ ነቀለ፣ ቱቦውን ኮምፕሬሰሩ ላይ ከነበረ የእጅ ቫልቭ ጋር አገናኘ፣ ከመጨረሻው አንሶላ ፊት ለፊት፣ ከፐርል እግር ሥር መሬቱ ላይ ተቀመጠ። ከመተላለፊያው የሚመጣ ሰው አያየውም። እሱ የሚያየው የፐርልን ፊት ነው፤ እነሱ የሚያዩት ጀርባዋን።

«ላካቸው» አለ።

በመጀመሪያው አልተሳካም፤ ፈጥኖ ለቀቃት። በሁለተኛው አንዲት ሴት ጮኸች፣ ግን አጭር ነበር። ዌንደል ቫልቩን ዘግቶ አሰበ። ጎሚኒው ያቆማት የነበረው የግፊቱን ልክ ጠብቆ ነው። እጅ ግን የሚጠብቀው ሰውን ነው።

በፐርል ክንድና በወገቧ መሐል ባለው ክፍተት ቀጣዮቹን አየ። ሁለት አፅሞች፣ አንድ ኮፍያ ያደረገ አባት፣ ከኋላቸው ኮቷን የለበሰች፣ ቦርሳ ያንጠለጠለች ሴት። ዶሪን ናት። እንደ እንግዳ ነው የምትራመደው።

ቫልቩን ከፈተ። ፐርል ተነሳች። መሐል ላይ ዘጋው። አፅሞቹ ቆሙ። ዶሪን ይህን መቆም ታውቀዋለች፤ ፈገግ ስትል ታየው። ስንት ጊዜ እንደምትቆይም ታውቃለች። ያ ጊዜ አለፈ። ዌንደል አልከፈተም። የዶሪን ፈገግታ ቀስ እያለ ፊቷ ላይ ሞተ። አንድ አንሶላ ተንቀሳቀሰ። አባትየው «ተበላሸች እንዴ?» ሊል «ተበ...» እንዳለ ዌንደል ከፈተው።

ጩኸቱ ዝቅ ብሎ ጀመረ። ሽቅብ ወጣ። ጫፍ ላይ ሲደርስ አልተሰበረም፤ ሳቅም አልሆነም። ዶሪን ቦርሳዋን ጥላ አፅሞቹን ቀድማ ወጣች።

ዌንደል መሬቱ ላይ እንደተቀመጠ ዓይኑን ጨፈነ።

ከውጭ ጭብጨባ ተሰማ። «ኔልሰን፣ አንተ ሰይጣን!» አለ አባትየው። «ዘንድሮስ ገደልከን!» አለ ሌላ። ኔልሰን በዚያ ለስላሳ ድምፁ የሆነ ነገር መለሰ፣ ሰው ሳቀ። የዌንደል ስም አልተጠራም። ያ የታወቀው ቅናት እንደገና ጥርሱን አወጣ።

አንሶላው ተገለጠና ኔልሰን ጭንቅላቱን አስገባ።

«እኔ አይደለሁም እያልኳቸው ነው፣ አልሰሙኝም። ቀዝቃዛ ላይ ተቀምጠሃል ወንድሜ። ትንሽ ልቀበልህ?»

«እጅህን አንሳ» አለ ዌንደል።

ሁለተኛው ሳይረን ገና አልጮኸም። በአንሶላዎቹ መሐል እግሮች እየቀረቡ ነበር። ዌንደል ፐርልን ወንበሯ ላይ አስቀመጣት፣ አምፖሏን አበራ፣ ቫልቩን ያዘ።